የእጅ ሰዓት ማሰሪያ አመጣጥና አመራረጥ

ሰው የእጅ ሰዓት ሊገዛ ወደ ገበያ በወጣ ጊዜ አስቀድሞ የሚመረምረው የሰዓቱን ፊት፥ የሠሪውን ስም፥ የመስተዋቱን ጥራትና የዋጋውን ልክ ነው። ማሰሪያውን ግን እንደ ምርቃት ቈጥሮ፥ ባለ ሱቁ የሰጠውን ተቀብሎ ይሄዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ላብ የበላው ቈዳ ሲበጠስ፥ ወይም ቀጭኑ የብረት ዘንግ ከቦታው ሲወልቅ፥ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሰዓት ከድንጋይ ላይ ወድቆ ይሰበራል፤ ወይም ባለቤቱ ሳያውቅ በመንገድ ይቀራል። ከአባት የተወረሰ ወይም ከወዳጅ የተሰጠ ሰዓት ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ በገንዘብ አይተመንም። ያን ጊዜ ውዱን ዕቃ ያጠፋው ርካሹ ዕቃ መሆኑ ይታወቃል።

ይህ የተናቀ ትንሽ ነገር ሰፊ ታሪክ አለው። ሰዓትን ከኪስ አውጥቶ በእጅ አንጓ ላይ ያኖረው የሰዓት ሠሪዎች ጥበብ ብቻ ሳይሆን የማሰሪያው ጥበብ ጭምር ነው። ዛሬ በየሱቁ ተሰቅለው የሚታዩት አራቱ ዋና ዋና ዓይነቶች፥ ይኸውም የቈዳው፥ የብረቱ፥ የጐማውና የጨርቁ፥ ለጌጥ ብቻ የተፈለሰፉ አይደሉም። እያንዳንዱ አንድን ጠላት ለመከላከል መጥቷል፤ እያንዳንዱም ደግሞ የሚያሸንፈው ሌላ ጠላት አለው። እንግዲህ በሚገባ ለመምረጥ የሚሻ ሰው የእያንዳንዱን ጠላት ማወቅ ይገባዋል፤ ይህንንም የሚያስተምረው ታሪኩ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሰዓትን በክንድ ላይ ማሰር በመጀመሪያ የነገሥታትና የወይዛዝርት ጌጥ ነበረ። በ1571 ገደማ የእንግሊዝ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሣቤጥ ከባለሟሏ ከሮበርት ደድሊ፥ በወርቅ አምባር ውስጥ የተከተተ ሰዓት የአዲስ ዓመት ገጸ በረከት አድርጋ እንደ ተቀበለች ተጽፏል። ኋላም በ1810 የናፖሌዎን እኅት የናፖሊ ንግሥት ካሮሊን ሙራት፥ በፓሪስ ስሙ ከገነነው ሰዓት ሠሪ ከአብርሃም ልዊ ብሬጌ ዘንድ ለእጅ የሚሆን ሰዓት አዘዘች፤ ሥራውም በ1812 ተፈጸመ። የዚህ ሰዓት ማሰሪያ ከወርቅ ክር ጋር የተጐነጐነ ጠጕር ነበረ። በ1868ም ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው የጄኔቭ ሰዓት ቤት ለአንዲት የሀንጋሪ ባላባት ሴት የወርቅ አምባር ያለው ሰዓት ሠራ። እነዚህ ሁሉ ዕንቍና ወርቅ የበዛባቸው ጌጦች ነበሩ፤ ጊዜን ማሳየታቸው ከጌጥነታቸው በኋላ የሚቈጠር ነበረ።

በዚያ ዘመን ወንዶች ሰዓታቸውን በሰንሰለት አስረው በሰደርያቸው ኪስ ይይዙ ነበር። በእጁ ሰዓት ያሰረ ወንድ የሴት ጌጥ እንዳጠለቀ ይቈጠር ስለ ነበረ ማንም ጨዋ ይህን አይደፍርም። ለዚህም ከልማድ በቀር ሌላ ምክንያት አልጠፋም። እጅ ዘወትር የሚንቀሳቀስ፥ የሚመታና የሚታጠብ አካል ነውና፥ ለስላሳውን የሰዓት ሞተር በዚያ ላይ ማሰር ለአቧራ፥ ለውሃና ለግጭት አሳልፎ መስጠት መስሎ ይታይ ነበር። ኪስ ግን ደረቅ፥ ሙቅና ጸጥተኛ ቤት ነው። ሰንሰለቱም ሰዓቱን ከመውደቅና ከሌባ ይጠብቅ ነበር።

ይህ ሥርዓት የሚበጀው ግን አንድ እጅ ሥራ ፈት ለሆነለት ሰው ብቻ ነው። የኪስን ሰዓት ለማየት አንዱን እጅ አንሥቶ፥ ኮቱን ከፍቶ፥ ሰዓቱን አውጥቶ፥ ክዳን ካለውም ገልጦ መመልከት ያስፈልጋል። በአንድ እጁ ልጓም፥ በሌላው ጠመንጃ ለያዘ ወታደር ይህ የማይቻል ነገር ነው። ስለዚህ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሩቅ አገር የዘመቱ የእንግሊዝ መኮንኖች አንድ ቀላል ዘዴ ተጠቀሙ። የኪስ ሰዓታቸውን በልኩ በተሰፋ የቈዳ ቤት ከተቱና ቤቱን በጠፍር በእጃቸው አንጓ ላይ አሰሩት። መጽሐፍ በማኅደር ተከቶ በጠፍር እንደሚንጠለጠል ሁሉ፥ ሰዓቱም የቈዳ ማኅደር ለበሰ ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ ማሰሪያ ከ1899 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪቃ በተደረገው የቦኤር ጦርነት ጊዜ በብዙ መኮንኖች እጅ ታየ። በሙቀትና በአቧራ ውስጥ ያገለገለውን ዕቃ የሴት ጌጥ ነው ብሎ መሳቅ ከዚያ ወዲህ እያስቸገረ ሄደ።

የወታደሩ ችግር የአየር በራሪም ችግር ሆነ። አልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞን የተባለው ብራዚላዊ በፓሪስ ተቀምጦ በአየር መርከብና በአውሮፕላን ሲበር፥ ሁለት እጆቹ መሪውን ስለ ያዙ የኪስ ሰዓቱን ለማየት እንደ ተቸገረ ለወዳጁ ለሙሴ ሉዊ ካርትዬ ነገረው፤ ሙሴ ካርትዬም በ1904 በቈዳ ማሰሪያ በእጅ የሚታሰር ጠፍጣፋ ሰዓት ሠራለት ይባላል። ሳንቶስ ዱሞን ኅዳር ወር 1906 በፓሪስ በሕዝብ ፊት 220 ሜትር ያህል በ21 ሴኮንድ ተኩል በረረ። በስሙ የተጠራው ሰዓት ከ1911 ጀምሮ ለገበያ ቀረበ። እዚህ ላይ ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። የኪስ ሰዓትን በቈዳ ቤት መክተት ለጊዜው የተገኘ ዘዴ ነበረ፤ አሁን ግን ሰዓቱ ራሱ ማሰሪያን እንዲቀበል ሆኖ ተሠራ፤ በግራና በቀኝ ጐኑም ማሰሪያው የሚያዝባቸው ጆሮዎች ተበጁለት።

ነገሩን የፈጸመው ግን በ1914 የተነሣው ታላቅ ጦርነት ነው። በዚህ ጦርነት ሠራዊት ከጕድጓድ ምሽግ ወጥቶ ጠላትን ሲገጥም፥ ከኋላው ያለው መድፈኛ ከፊቱ ጥይት እያዘነበ መንገድ ይጠርግለት ነበር። የመድፉ ጥይት በተወሰነ ደቂቃ ወደ ፊት ይርቃል፤ እግረኛውም ከዚያ ኋላ ተጠግቶ ይሄዳል። መኮንኑ ሁለት ደቂቃ ቢቸኵል ወታደሮቹን በገዛ ወገኑ መድፍ ሥር ያስገባቸዋል፤ ሁለት ደቂቃ ቢዘገይ ደግሞ ጠላት ከተደበቀበት ወጥቶ ወደ መትረየሱ ይመለሳል። ስለዚህ መኮንኖች ከውጊያ በፊት ሰዓታቸውን ከአንድ ሰዓት ጋር ያስተካክሉ ነበር። በጨለማ፥ በጭቃ፥ የመርዝ ጢስ መከላከያ ጭንብል በፊት ላይ ሳለ ከወፍራም ካፖርት ሥር የኪስ ሰዓትን መፈለግ የሰው ነፍስ የሚያስከፍል መዘግየት ነበረ።

ሐምሌ 1 ቀን 1916፥ በኢትዮጵያ ዘመን ሰኔ 24 ቀን 1908 ዓ.ም.፥ በፈረንሳይ አገር በሶም ወንዝ አጠገብ የሆነው ይህን ያስረዳል። በረጅሙ ግንባር ላይ የተዘረጉት የእንግሊዝ መኮንኖች በእጃቸው ያለውን ሰዓት እየተመለከቱ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ከጧቱ 7 ሰዓት ከ30፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ፊሽካቸውን ነፉ፤ ሠራዊቱም ከምሽጉ ወጣ። በዚያ አንድ ቀን ከእንግሊዝ ሠራዊት የሞተው፥ የቈሰለውና የጠፋው 57,470 ሰው ነበር፤ ከዚህም ውስጥ የሞተው 19,240 ነው። ሰዓት ጥቃቱን በአንድ ደቂቃ እንዲጀመር አደረገ እንጂ ሰውን ከሞት አላዳነም። ነገር ግን ከዚህ ጦርነት በሕይወት የተመለሰው ወታደር የእጅ ሰዓቱን እንዳሰረ ወደ ቤቱ ገባ፤ የሴት ጌጥ ነው ብሎ ሊሣለቅበት የሚደፍርም አልተገኘም። በ1916 ለመኮንኖች በታተመ አንድ የእንግሊዝኛ መመሪያም መኮንን ወደ ግንባር ይዞ ሊሄድ የሚገባው ዕቃ ሲዘረዘር፥ በጨለማ የሚያበራና መስተዋቱ የማይሰበር የእጅ ሰዓት በመጀመሪያው ተራ ተጽፏል። በ1930 ገደማ የእጅ ሰዓት በቍጥር ከኪስ ሰዓት በልጦ ነበር።

የምሽጉ ሰዓት ማሰሪያ አሠራር ሊታወቅ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ የሚመጣ ብልኀት በውስጡ አለ። በዚያ ጊዜ የሰዓቱ ጆሮዎች ከሰዓቱ አካል ጋር በእሳት የተበየዱ የሽቦ ቀለበቶች ነበሩ። ማሰሪያውም ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ ቈዳ ነበረና፥ በአንዱ ቀለበት ገብቶ፥ በሰዓቱ ሆድ ሥር አልፎ፥ በሌላው ቀለበት ይወጣ ነበር። ስለዚህ አንዱ ቀለበት እንኳ ቢበጠስ ሰዓቱ በሌላው ተንጠልጥሎ ይቀራል እንጂ አይወድቅም። ከሰዓቱ ሥር የሚውለው ሰፊ ቈዳም ብረቱ በብርድ ጊዜ የእጅን ቈዳ እንዳያቃጥል፥ በሙቀትም ጊዜ ላብ ወደ ሰዓቱ እንዳይገባ ይከላከል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለጀርመን አየር ኀይል መርከበኞች የተሠሩት ትልልቅ ሰዓቶች፥ ስፋታቸው 55 ሚሊ ሜትር የነበሩት፥ በወፍራሙ የበረራ ካፖርት እጅጌ ላይ እንዲታሰሩ ረጅምና በብረት ችንካር የተጠናከረ የቈዳ ማሰሪያ ነበራቸው።

ቈዳ ለሰው ገላ የሚስማማ፥ ሲያረጅ የእጅን ቅርጽ የሚይዝ፥ በብርድም በሙቀትም የማያስከፋ ነገር ነው። የአለፋፉም መንገድ በጠባዩ ላይ ይታያል። በዛፍ ቅርፊት የተለፋው ቈዳ ለመልፋት ብዙ ሳምንታት ይወስዳል፤ በመጀመሪያ ደረቅ ቢሆንም እያደር ይለሰልሳል፥ ቀለሙም ይጠቍራል። ከ19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ወዲህ በተገኘው በክሮም ጨው የሚለፋው ደግሞ ፈጥኖ ይደርሳል፥ ከመጀመሪያውም ለስላሳ ነው፥ ውሃንም ይበልጥ ይታገሣል። ሁለቱም ግን ላብን አያሸንፉም። በላብ ውስጥ ያለው ጨውና ቅባት ወደ ቈዳው ገብቶ ክሩን ይበላዋል፤ ከዚያም ሽታ ይመጣል፥ ስንጥቅ ይከተላል። በዝናብና በወበቅ አገርም ሻጋታ ያበቅላል። እንግዲህ የቈዳ ጠላት እርጥበት ነው።

በቈዳ ምርጫ ላይ ሌላም ጥያቄ አለ። ባለጠጎች ለከበረ ሰዓት የሚመርጡት የአዞ ቈዳ ነው፤ የቅርፊቱ ተራ ያማረ፥ ሸካራነቱም የተወደደ ስለ ሆነ። ይህ ፍላጎት ግን ከሌላው የቈዳ ንግድ ጋር ተደምሮ አራዊቱን ሊያጠፋ ደርሶ ነበር። የአሜሪካው አዞ በ1967 ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት ጋር ተቈጠረ፤ በ1973ም በዋሽንግተን የተፈረመውና በ1975 በሥራ ላይ የዋለው የመንግሥታት ስምምነት እንዲህ ባሉ አራዊት የሚደረገውን ንግድ በፈቃድና በቍጥር ወሰነ። በጥበቃው ምክንያት የአሜሪካው አዞ በዝቶ በ1987 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ዛሬ ለማሰሪያ የሚሆነው የአዞ ቈዳ በብዛት የሚመጣው ከእርባታ ነው፤ በኢትዮጵያም በአርባ ምንጭ ከተማ አጠገብ የአዞ እርባታ አለ። ተራው የጥጃና የፍየል ቈዳ ግን ያለዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚገኝና በአገልግሎቱም የማያንስ ነው።

ላብና ሻጋታ ቈዳን ስላሸነፉት ሰዎች ወደ ብረት ተመለሱ። በጄኔቭ በ1835 የተመሠረተው ጌ ፍሬር የተባለው የሰንሰለት ሠሪዎች ቤት ለኪስ ሰዓት ሰንሰለት ይሠራ ነበር። የኪስ ሰዓት ሲቀር ሥራው አብሮ ሊቀር ይገባው በነበረ ጊዜ፥ ይህ ቤት ያንኑ ቀለበትን ከቀለበት የማያያዝ ጥበብ ወደ እጅ አምባር አዞረው፤ ስመ ጥር ለሆኑ የሰዓት ቤቶችም ሁሉ አምባር ሠሪ ሆነ። ሮሌክስ የተባለው ቤት በ1945 ካወጣው ሰዓት ጋር ኢዮቤልዩ የተባለ ባለ አምስት ረድፍ አምባር አቀረበ፤ ጌ ፍሬርንም በ1998 ገዝቶ የራሱ አደረገው። እንዲህ ሰንሰለቱ ከኪስ ወጥቶ በእጅ ላይ ኖረ።

የብረት አምባርን ለብዙ ሰው ያደረሰው የማይዝገው ብረት ነው። ይህን ብረት በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሬርሊ በ1913 አገኘው። ከወርቅ እጅግ ይረክሳል፥ ከብር ይጠነክራል፥ በላብም አይበላሽም። በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኀይል ሰዎች ከቀጫጭን የብረት መሰላል የተሠራ፥ እንደ እጅ ውፍረት የሚጠብቅና የሚላላ አምባር ያስሩ ነበር፤ በሞቃትና በእርጥብ አገር የቈዳውን መበስበስ ያመልጥ ነበርና። በ1959ም ስፓይደል የተባለው የአሜሪካ ቤት በየቀለበቱ ውስጥ ትንንሽ ሞላ አስገብቶ ያለ ዘለበት የሚለጠጥ አምባር አወጣ። ይህ ለማጥለቅና ለማውለቅ እጅግ ቀላል ነው፤ የእጅን ጠጕር እየነጨ ማስቸገሩ ግን ለብዙ ሰው የታወቀ ነው።

ብረት ላብን ቢያሸንፍም ጠላት አላጣም። አምባር የብዙ ቀለበቶች ማኅበር ነው፤ ቀለበቶቹንም የሚያያይዟቸው ከመርፌ ያልወፈሩ ዘንጎች ናቸው። ከመቶ ቀለበት አንዱ ዘንግ ቢወልቅ መቶው ሁሉ ይፈታል። በየመገጣጠሚያውም አቧራና ላብ ተሰብስቦ እንደ ሞረድ ብረቱን እየፋቀ ያላላዋል። ሌላው ጠላት በሰውየው ገላ ላይ ይታያል። በብዙ ብረቶች ውስጥ የሚደባለቀው ኒኬል በላብ ሲርስ ጥቂት በጥቂት እየወጣ፥ የማይስማማውን ሰው ቈዳ ያቀላል፥ ያሳክካል፥ ያቈስላል። በዚህ ምክንያት ዴንማርክ በ1990 ሕግ አወጣች፤ የአውሮፓ ማኅበርም በ1994 ተከትሎ፥ ገላ ከሚነካ ዕቃ በሳምንት ከአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ኒኬል እንዳይወጣ ወሰነ። አንጓው የሚያሳክከው ሰው እንግዲህ ሰዓቱን ሳይሆን የአምባሩንና የዘለበቱን ብረት ሊጠራጠር ይገባዋል።

ሰዓት ሠሪዎች ከላብ ቀጥለው የገጠሙት ጠላት ባሕር ነው። ሮሌክስ በ1926 ውሃ የማያስገባ የሰዓት ቤት አወጣ። በ1927 ጥቅምት ወር መርሴዲስ ግላይትሴ የተባለች እንግሊዛዊት ዋናተኛ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር ለመሻገር ስትሞክር ይህን ሰዓት ይዛ ከ10 ሰዓት በላይ በብርድ ውሃ ውስጥ ቈየች። ባሕሩን ለመፈጸም ባትችልም ሰዓቱ ሳይቆም ወጣ፤ የሮሌክስ ባለቤት ሚስተር ሐንስ ዊልስዶርፍም ይህን በጋዜጣ አስነገረ። ሰዓቱ ግን በእጇ አልነበረም፤ እንደ ማተብ በአንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የሰዓቱ ቤት ውሃን ድል ባደረገበት ቀን በእጅ አንጓ ላይ ያልታየው ማሰሪያው ነበር።

ያ የቀረው ነገር በ1953 ጠልቀው የሚዋኙ ሰዎች ሰዓት በተሠራ ጊዜ ጐልቶ ታየ፤ በ1960ዎቹም ዓመታት ጐማ መልሱን ሰጠ። ጐማ ውሃ አይጠጣም፥ አይሸትም፥ በጨው ውሃ አይበሰብስም። ሆኖም ባሕሩ ጠልቆ በሄደ መጠን የውሃው ክብደት የጠላቂውን ወፍራም የጐማ ልብስ ስለሚያጨምቀው ክንዱ ይቀጥናል፤ ላይ ሳለ የጠበቀው ማሰሪያም ታች ይላላል። ሴይኮ የተባለው የጃፓን ቤት በ1975 እስከ 600 ሜትር ለሚጠልቅ ሰዓት እንደ ወናፍ የታጠፈ ማሰሪያ ሠራ፤ ክንዱ ሲቀጥን እጥፋቱ ራሱ ይሰበሰባል፥ ሲወፍር ይዘረጋል። የጐማ ጠላት ፀሐይና ዕድሜ ነው፤ ብዙ ከቈየ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃልም። አየርም ስለማያስተላልፍ በሙቀት ቀን የታሰረው እጅ ያልበዋል።

በመጨረሻ የመጣው ከሁሉ የረከሰውና ከሁሉ ይልቅ ስለ መውደቅ የታሰበበት የጨርቅ ማሰሪያ ነው። ዋላስ ካሮተርስ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1935 ናይሎንን ካገኘ በኋላ፥ ክሩ ተሸምኖ ለጃንጥላም ለገመድም ለማሰሪያም ዋለ። የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር ኅዳር 30 ቀን 1973 ባወጣው መመሪያ ለወታደር የሚታደለውን የሰዓት ማሰሪያ መጠን ወሰነ፤ ወርዱ 20 ሚሊ ሜትር፥ ቀለሙ ግራጫ፥ ነገሩ ናይሎን ሆነ። ወታደሩ ይህን ከግምጃ ቤት ለመውሰድ የሚሞላው ወረቀት ጂ 10 ይባል ስለ ነበረ ማሰሪያውም በዚህ ስም ተጠራ፤ ኋላም በሰሜን አትላንቲክ ጦር ማኅበር የዕቃ መዝገብ ቍጥር ስለ ነበረው ነጋዴዎች ናቶ አሉት። ብዙ ሰዎች በ1964 ጎልድፊንገር በተባለው ፊልም የታየውን ባለ መስመር ማሰሪያ ከዚህ ጋር ይደባልቁታል፤ ነገር ግን ያ ፊልም ከመመሪያው ዘጠኝ ዓመት ይቀድማል፤ የዚያም ማሰሪያ ወርድ ከሰዓቱ ጆሮዎች የጠበበ ነበር።

የዚህ ማሰሪያ ብልኀት ቀደም ብሎ የተነገረው የምሽጉ ብልኀት ነው። አንድ ወጥ ጨርቅ በሁለቱ ዘንጎች ሥር ገብቶ በሰዓቱ ሆድ ሥር ያልፋል፤ ሁለተኛ አጭር ጨርቅም ሰዓቱን በቦታው ይይዘዋል። አንዱ ዘንግ ቢሰበር ሰዓቱ በሌላው ተይዞ ይቀራል። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ሰዓት ሠሪዎች የተበየደውን ቀለበት ትተው፥ በውስጡ ሞላ ያለውንና በቀላሉ የሚወልቀውን ዘንግ ስለ ያዙ፥ ማሰሪያን መለወጥ ቀሎ መውደቅ በዝቶ ነበር። በ1973 የተደረገው እንግዲህ አዲስ ጥበብ ከማምጣት ይልቅ የተረሳውን መመለስ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ቀጫጭኑ ክር ተባብሮ ብረት ያልያዘውን ያዘ። የጨርቅ ጠላት ቆሻሻ ነው፤ ነገር ግን በውሃና በሳሙና ታጥቦ በአንድ ሌሊት ስለሚደርቅ ይህ ጠላት ከሁሉ የደከመው ነው።

የሰው ልጅ ከምድር በወጣ ጊዜም ያሰረው የጨርቅ ማሰሪያ ነበር። ጆርጅ ደ ሜስትራል የተባለ የስዊስ ሰው በልብስና በውሻ ጠጕር ላይ የሚጣበቀውን የዱር ፍሬ መርምሮ፥ በአንድ በኩል ጥቃቅን መንጠቆ፥ በሌላው ጥቃቅን ቀለበት ያለው ጨርቅ ሠራ፤ ቬልክሮ የተባለው ይህ ነው። በ1965 ሰኔ ወር ኤድዋርድ ኋይት ከመንኮራኵሩ ወጥቶ በጠፈር ሲንሳፈፍ፥ በ1969ም በዝ ኦልድሪን በጨረቃ ላይ ሲቆም፥ ኦሜጋ የተባለው ሰዓታቸው በልብሳቸው ላይ የታሰረው በረጅም የቬልክሮ ማሰሪያ ነበር። በወፍራም ጓንት ዘለበትን መቈለፍ አይቻልምና፥ ወርቅና አዞ ቦታ ያጡበት ስፍራ ላይ አንድ ቍራጭ ጨርቅ አገለገለ።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ የእጁን ሥራ ይጠይቅ። ሥራው በጽሕፈት ቤት፥ በትምህርት ቤት ወይም በጉባኤ የሆነና ብዙ የማያልበው ሰው ቈዳ ይስማማዋል፤ ነገር ግን ሲታጠብ ያውልቀው፥ ማታም አየር ያስነካው፥ ቢቻል ሁለት ይዞ ያፈራርቀው። ዘወትር የሚያልበውና ሰዓቱን ቀንና ሌሊት የማያወልቅ ሰው የማይዝግ ብረት ይያዝ፤ በየጊዜው በለስላሳ ብሩሽ ይጠበው፥ ዘንጎቹንም በሰዓት አዳሽ ያስመርምር። ከውሃ ጋር የሚውል ጐማን፥ ከመሣሪያ፥ ከጭነትና ከጉዞ ጋር የሚውል ደግሞ ጨርቅን ይምረጥ።

ሁለተኛ ልኩን ይወቅ። በሰዓቱ ሁለት ጆሮዎች መካከል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ይለካል፤ ብዙ ጊዜም 18፥ 20 ወይም 22 ነው። በአንድ ሚሊ ሜትር የጠበበ ማሰሪያ ግራና ቀኝ እየተንሸራተተ ዘንጉን ይፍቃል፤ የሰፋውም ተጨምቆ ይታጠፋል። አንዳንድ ሰዓት ደግሞ ከማሰሪያው ጋር አንድ ሆኖ ስለ ተሠራ ሌላ ማሰሪያ አይቀበልም፤ ኦዴማር ፒጌ በ1972 ያወጣው የብረት ሰዓትና በ1983 የወጣው ርካሹ ስዋች በዋጋ እንደ ሰማይና ምድር ቢራራቁም፥ ተራ ማሰሪያን ባለመቀበል አንድ ናቸው። እንዲህ ያለውን የሚገዛ ሰው ማሰሪያው ሲያልቅ ከየት እንደሚያገኝ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሦስተኛም ለማሰሪያው ከሚወጣው ዋጋ አስቀድሞ ለዘንጉ ያስብ። ያ ከመርፌ ያልወፈረ ብረት ከዕቃው ሁሉ የረከሰ ነው፤ ማሰሪያ በተለወጠ ቍጥር አብሮ ቢለወጥ ባለቤቱን አይጐዳውም። በምሽግ ውስጥ የነበረው መኮንን የወገኖቹን ነፍስ በአንድ ደቂቃ ላይ፥ ያንንም ደቂቃ በአንድ ጠፍር ላይ አንጠልጥሎ ነበር። ዛሬ በሰላም ከተማ የሚሄድ ሰው ጉዳዩ ከዚያ የቀለለ ቢሆንም፥ ከአባቱ የተቀበለውን ሰዓት ለልጁ ሊያደርስ የሚወድ ከሆነ የሚታመንበት ያው ጠፍር ነው።